የሮቦት መጥረጊያ ጎማ ሲያልቅ፦ ማጠብ፣ ማልበስ ወይስ ሙሉውን መቀየር?

ጎማው አለቀ ብላችሁ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እጠቡት።

ይህን መጀመሪያ የምለው ስለደረሰብኝ ነው። እናቴ ቤት ያለው ሮቦት የመኝታ ቤቱ ደፍ ላይ እየወጣ መቅረት ጀመረ። አንዱ ጎማ ባለበት ይሽከረከራል፣ ሌላው ጨርሶ አይዞርም፣ ሮቦቱ ንቅንቅ አይልም። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ገልበጥ አድርጎ አየና «ሞተሩ ሄዷል» አለኝ። እህቴ የምትኖረው ዱባይ ነው፣ ዕቃውን ፈልጋ፣ ገዝታ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አግኝታ እስክትልክልን ድረስ ሁለት ወር ጠበቅን። ዕቃው ሲመጣ አሮጌውን ራሴ ፈታሁት። ሞተሩ ምንም አልሆነም። በግራ በኩል የቄጠማ ክርና የሹሩባ ፀጉር ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ገመድ ሆኗል። በቀኝ በኩል ደግሞ የጎማው ፊት የወለል ሰም ጠጥቶ እንደ መስታወት ይንሸራተታል። በሃያ ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነበር። እማዬ ሁለት ወር ሙሉ ጎንበስ ብላ ጠረገች፣ ጉልበቷ ደግሞ ጤነኛ አይደለም። ስለዚህ ነው ይህን ነገር በደንብ አጥንቼ የጻፍኩት።

አማራጮቹን ከማወዳደሬ በፊት የትኛው ችግር እንዳለባችሁ እንለይ። ጎማ የማይሠራባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፣ ከእነሱ ውስጥ በትክክል «ጎማው አልቋል» የሚባለው አንዱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ገልብጣችሁ እዩት

ሮቦቱን አጥፉት። የቆሻሻ ሳጥኑን አውጡ። የሚወለውል ዓይነት ከሆነ የውሃ ማጠራቀሚያውንም አውጡ፣ አለበለዚያ ስትገለብጡት ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል። ፎጣ ዘርግታችሁ እላዩ ላይ ገልብጡት።

ከታች ሁለት ትልልቅ ጎማዎችና ከፊት በኩል አንዲት በየአቅጣጫው የምትዞር ትንሽ ጎማ ታያላችሁ። ሥራውን የሚሠሩት ትልልቆቹ ናቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሞተር፣ የራሳቸው ማርሽ፣ የራሳቸው ሞላ አላቸው። መሪ የሚባል ነገር የለም። ሮቦቱ የሚታጠፈው አንዱን ጎማ ከሌላው አፍጥኖ በማዞር ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለቱን ጎማዎች በየተራ ወደ ውስጥ ተጫኑና ልቀቁ። ቶሎ ብለው እኩል መመለስ አለባቸው። አንዱ እየተጎተተ ከተመለሰ ሞላው ከቦታው ወጥቷል ወይም የጎማው ቤት (የተቀመጠበት ጉድጓድ) ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነው። ሞላው ጎማውን መሬት ላይ ካልተጫነው፣ ጎማው አዲስ ቢሆንም ይንሸራተታል።

ከዚያ በእጃችሁ አዙሩት። ማርሽ ስላለው ትንሽ ይከብዳል፣ ያ ጤነኛ ነው። ዋናው ነገር ሁለቱ እኩል መክበዳቸው ነው። አንዱ በጣም ከከበደ ፀጉር ወይም ክር ተጠምጥሞበታል። አንዱ ቀጭ ቀጭ እያለ ከዘለለ የማርሽ ጥርስ ተሰብሯል። አንዱ ያለ ምንም ክብደት እንደ ልቡ ከዞረ ማርሹ ከሞተሩ ጋር አልተያያዘም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጎማ በማልበስ አይድኑም።

አሁን ጎማውን ራሱን እዩ። ጥርሶቹ ይታያሉ ወይስ ሙልጭ ብሏል? በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ጤነኛ ጎማ ገባ ብሎ ይመለሳል። የደረቀው እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። የቻርጅ ማድረጊያው ቦታ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር ከሆነ፣ ጥርሱ ሳያልቅም ሊደርቅ ይችላል፣ እናም ጥርስ ያለው ደረቅ ጎማ ጥርስ ከሌለው ለስላሳ ጎማ ይልቅ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል።

የፊቷን ትንሽ ጎማም አትርሷት። በብዙዎቹ የሩምባ (አይሮቦት የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው የሮቦት መጥረጊያ) ሞዴሎች ላይ ይህች ጎማ ግማሿ ጥቁር፣ ግማሿ ነጭ ነው። ለጌጥ አይደለም። ከላይዋ ያለ ሴንሰር ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ ሲያልፍ እያየ «አዎ፣ በእርግጥ እየሄድኩ ነው» ብሎ ያረጋግጣል። ፀጉር ይዟት ካልዞረች ትልልቆቹ ጎማዎች ምንም ሳይሆኑ ሮቦቱ ተይዣለሁ ብሎ ይቆማል። በእጅ ሳብ ስታደርጓት ትወጣለች፣ አጽድታችሁ መልሳችሁ መጫን ነው።

ሮቦቱ የሚናገረው ስህተት እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። ሩምባ ላይ ስህተት 5 ማለት የጎን ጎማ በደንብ አልዞረም ማለት ነው። ስህተት 1 ደግሞ ጎማው ወደ ታች ተንጠልጥሏል ማለት ነው። «ጎማዬ አልቋል» የሚል ግን የለም። ሊኖርም አይችልም፣ ምክንያቱም ያለቀ ጎማ ይዞራል፣ ሮቦቱም ዙሩን ቆጥሮ ሄጃለሁ ብሎ ያምናል። ሮቦቱ ምንም ሳይናገር ካርታው ከተጣመመ፣ አንድ ክፍል ሁለት ጊዜ ጠርጎ ሌላውን ከዘለለ፣ ወይም ወደ ቻርጀሩ ሲመለስ እየሳተ ከሆነ ጎማውን ጠርጥሩ።

ማጠብ፦ ለሁሉም የመጀመሪያው

ፀጉሩንና ክሩን በትንሽ መቀስና በወረንጦ አውጡ። በዓል ያለፈበት ቤት ከሆነ ቄጠማ ፈልጉ፣ እርጥብ ሆኖ ይገባና ደርቆ እንደ ሲባጎ ይጠነክራል። ቡና የሚፈላበት ቤት ደግሞ የከሰል ብናኝ አለ። ጎማውን በጨርቅና በአልኮል እሹት፣ ጨርቁ መጥቆሩን እስኪተው ድረስ። ቤንዚን አትጠቀሙ፣ ጎማ ያሳብጣል። በረኪናም ጎማውን ያደርቀዋል። ውሃ ውስጥ መንከር የሚባል ነገር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፣ ሞተሩ እዚያው ጎን ነው ያለው።

ከታጠበ በኋላም ፊቱ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ብርጭቆ ወረቀት ውሰዱና ፈገፍግ አድርጉት። ደቃቁን። የላይኛው የደረቀ ቆዳ ብቻ ነው የሚነሳው፣ ጥርሱን እንዳትበሉት። ሁለቱንም ጎማ እኩል።

ወለላችሁን ሰም የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰም የተቀባ ፓርኬ ላይ የሚሄድ ሮቦት በየሳምንቱ ጎማውን መጠረግ ይፈልጋል። ሌላ መፍትሔ አላገኘሁለትም።

ሙከራው ቀላል ነው። ሴራሚክ ላይ የመጋጠሚያውን መስመር ተከትሎ ሦስት ሜትር ያህል ይሂድ። ቀጥ ካለ ጨርሳችኋል። ምንጣፍ ላይ አትሞክሩት፣ የምንጣፉ ፀጉር ወደ አንድ ጎን ስለተኛ ጤነኛውንም ሮቦት ይገፋዋል።

ከታጠበም በኋላ ከተንሸራተተ፣ አሁን በእርግጥ አልቋል። እዚህ ነው ምርጫው የሚጀምረው።

ምርጫውን የሚወስነው ሂሳብ

ብዙ ሰው «እላዩ ላይ የሆነ ላስቲክ ልጠፍበት» ይላል። ይቻላል። ግን ውፍረት ቀልድ አይደለም፣ በቁጥር ላሳያችሁ።

አይሮቦት በ2014 ለተማሪዎች ብሎ ያወጣው ክሪኤት 2 የሚባል ሮቦት አለ። አካሉ የሩምባ 600 ነው፣ ልኬቱም በግልጽ ተጽፏል። የጎማው ስፋት (ዲያሜትሩ) ከዳር እስከ ዳር 72 ሚሊ ሜትር፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 235 ሚሊ ሜትር። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 226 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። 10 ሜትር ለመሄድ 44 ጊዜ ያህል ይዞራል።

አሁን 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ አልብሱት። ስፋቱ 74 ይሆናል። በአንድ ዙር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ተጨመረ። ምንም አይመስልም። በ10 ሜትር ላይ ግን ወደ 28 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለቱንም ጎማ እኩል ካለበሳችሁ ችግር የለም፣ ሮቦቱ ካሰበው ትንሽ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ያ ነው። አንዱን ብቻ ካለበሳችሁ ግን አንደኛው ጎን ከሌላው በ28 ሳንቲ ሜትር ይቀድማል፣ ጎማዎቹ ደግሞ የሚራራቁት 23.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሲሰላ በ10 ሜትር ውስጥ ወደ 70 ዲግሪ የሚጠጋ መታጠፍ ነው። ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ነው ብሎ እያሰበ ግድግዳ ይገባል።

ከላዩ ላይ በሌዘር ዙሪያውን የሚያይ ሮቦት ይህን ስህተት እያረመ ይሄዳል። አቅጣጫ የሚለካ ሴንሰር ያለውም እንዲሁ ይቀንሰዋል። ርካሾቹና አሮጌዎቹ ግን በጎማው ዙር ላይ ነው የሚተማመኑት። ስለዚህ ከታች የምጠቅሳቸው አማራጮች ሁሉ ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ የነካችሁትን ሁሉ ሁለቱም ጎማ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ።

ከቤት የሚገኙ መላዎች

የብር ላስቲክ ጠምጥሞ መጠቀም ለሁለት ቀን ይሆናል። እንግዳ ሊመጣ ሲል፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ። ከዚያ ተበጥሶ ዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ሌላ ሥራ ይጨምርላችኋል። የኤሌክትሪክ ናስትሮ አይሞከር። ይሞቃል፣ ሙጫው ወለሉ ላይ ይቀራል። ደረጃ ላይ የሚለጠፈው አሸዋማ ቴፕ በደንብ ይቆነጥጣል፣ ግን ፓርኬውን ይፍቀዋል። ሮቦት ለማዳን ወለል ማበላሸት ልክ አይደለም።

ሲሊኮን የቀቡ ሰዎች አሉ። የመታጠቢያ ቤት ክፍተት የሚሞላበትን ማለቴ ነው። ከደረቀ በኋላ አያያዙ በጣም ጥሩ ነው፣ ያንን አልክድም። ችግሩ ጎማው ላይ የመጣበቅ አቅሙ ደካማ ነው፣ ከጊዜ በኋላ እንደ ቆዳ ተገሽልጦ ይወጣል። ሌላው ችግር ውፍረቱ ነው። በእጅ የተቀባ ነገር አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ሳሳ ይላል፣ ሮቦቱም እያነከሰ ይሄዳል። ፈሳሽ ጎማ እየተባለ የሚሸጠውም ያው ነው፣ በስሱ ደጋግሞ መቀባት ይሻለዋል እንጂ ከሲሊኮን ብዙም አይለይም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ሲሊኮን የነካ ጎማ ላይ በኋላ ሌላ ሙጫ አይዝም። ሲሊኮን ከቀባችሁ ወደ ሌላ መፍትሔ መመለሻው መንገድ ይጠባል። ስለዚህ እኔ አልመክርም።

የሞተር ሳይክል የውስጥ ጎማ ግን እወደዋለሁ።

ብዙ ሰው የብስክሌት ጎማ ቆርጦ፣ እንደ ቀበቶ ዙሪያውን ጠቅልሎ፣ ጫፍና ጫፉን በሙጫ ያጋጥማል። መጋጠሚያው ላይ ነው ሁልጊዜ የሚላቀቀው። ደግሞ እዚያ ጋ ጉብታ ይፈጥራል፣ ሮቦቱ በእያንዳንዱ ዙር ጓ ይላል። የተሻለው መንገድ መጋጠሚያ የሌለው ቀለበት ማግኘት ነው። የውስጥ ጎማ በተፈጥሮው ቱቦ ስለሆነ በአግድሙ እንደ ቋሊማ ስትቆርጡት ቀለበት ይወጣል። የብስክሌቱ ቀለበት ለሮቦት ጎማ ይጠብባል፣ ከልክ በላይ ይወጠርና ይበጠሳል። የሞተር ሳይክሉ ግን ይሆናል።

ልኩን እንዲህ ያዙ። የሮቦቱን ጎማ ዙሪያ በክር ለኩ። ለ72 ሚሊ ሜትሩ 226 ነው። የውስጥ ጎማውን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስተኙና ወርዱን ለኩ፣ በሁለት አባዙት፣ ያ የቀለበቱ ዙሪያ ነው። ከሮቦቱ ጎማ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያነሰ ሲሆን ጥሩ ውጥረት ይኖረዋል። ማለትም ለዚህ ልክ ጠፍጣፋ ወርዱ 90 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ፈልጉ። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ የተቀደደና የተጣለ ካለ ጠይቁ፣ ቀዳዳ የሌለበትን ጎን ቆርጣችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ሁለቱን ቀለበት ከአንድ ጎማ፣ ጎን ለጎን ቁረጡ፣ ውፍረታቸው እኩል እንዲሆን።

ከማልበሳችሁ በፊት የድሮውን ጎማ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ይድረቅ። ማስቲሽ በስሱ ጎማውም ላይ፣ ቀለበቱም ውስጥ ቀቡ። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ በጣት ሲነካ የማይከተል እስኪሆን። ከዚያ ወጥራችሁ አስገቡ። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፣ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይሆንና ጎማው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት በእጃችሁ አዙራችሁ ቀለበቱ የጎማውን ቤት ግድግዳ እንደማይነካ አረጋግጡ። ከነካ ዳሩን ከርክሙ። ካልከረከማችሁት ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይታገላል።

ድክመቱን ልናገር። የውስጥ ጎማ ጥርስ የለውም። ንጹህ ሴራሚክና ፓርኬ ላይ ጎበዝ ነው። ወፍራም ምንጣፍ ላይ ከኦሪጅናሉ ያንሳል። አቧራ የበዛበት ቤት፣ በተለይ በበጋው፣ ቶሎ ቶሎ መጠረግ ይፈልጋል። ሆኖም የሚያስወጣው ገንዘብ ኢምንት ነው፣ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ይለበሳል።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ልባስ

ለታወቁት ሞዴሎች የጎማው ልባስ ብቻውን፣ በጥንድ ይሸጣል። ጥርስ አለው፣ ውፍረቱ እኩል ነው። ዋጋው ከሙሉው ዕቃ በብዙ ያነሰ ነው፣ ክብደቱም ኢምንት ስለሆነ ለሚመጣ ሰው ማስያዝ አያሳፍርም።

ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። አንደኛው አሮጌውን አውልቃችሁ በቦታው የምታስገቡት ነው። ሁለተኛው አሮጌው ላይ እንደ ካልሲ የሚለበስ። የመጀመሪያው ይሻላል፣ የጎማውን ስፋት አይቀይርም። ግን አንዳንድ ሮቦት ላይ ኦሪጅናሉ ጎማ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ አይወልቅም፣ በምላጭ ቆርጦ ማንሳት ይጠይቃል። ያ እጅ ይፈልጋል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ በጥፍራችሁ ዳሩን ሳብ አድርጋችሁ እዩ።

አዲሱ ሲገባ ካስቸገረ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ ይለጠጣል። የጥርሱ አቅጣጫ ግራና ቀኝ ሊለያይ ስለሚችል አሮጌውን ከማውለቃችሁ በፊት ፎቶ አንሱ።

በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ (3D ፕሪንተር) በሚለጠጥ ፕላስቲክ የሚታተም ጎማም አለ። ማተሚያው ያለው ሰው ካወቃችሁ ሊፈትናችሁ ይችላል። በብዛት የሚታተምበት ፕላስቲክ ግን ከእውነተኛ ጎማ በጣም ይጠነክራል፣ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። መልኩ ያምራል፣ ሥራው ያንሳል።

ሙሉውን መቀየር

ሙሉው ሲባል ጎማው፣ ሞተሩ፣ ማርሹ፣ ሞላውና ጎማው መንጠልጠሉን የሚያውቀው ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉም በአንድ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ታሽገው የሚመጡበት ነው። ማርሹ ቀጭ ቀጭ ካለ ወይም ሞተሩ በእርግጥ ከሞተ ሌላ ምርጫ የላችሁም። ጎማው ብቻ ካለቀ ግን ይህ ውድ መፍትሔ ነው፣ ቢሆንም ቀላሉ።

ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በሞዴሉ ይወሰናል። በአሮጌዎቹ ሩምባዎች የታችኛውን ክዳን ብሎኖች በካቻቢቴ ትፈታላችሁ፣ ከዚያ የጎማውን ቤት ብሎኖች፣ ከዚያ ይነሳል። መሰኪያው አብሮት ነው የተሠራው፣ ሽቦ መብጠስም መበየድም የለም። የ500፣ የ600 እና የ700 ተከታታዮች እርስ በርስ ይተካካሉ፣ ስለዚህ ከሞተ ሮቦት የወጣ ያገለገለ ዕቃ ማግኘትም ይቻላል። ከእነሱ በኋላ የመጡት አይ (i) እና ጄ (j) ተከታታዮች ግን የራሳቸው አላቸው። ከሌሎቹ ሮቦቶች ብዙዎቹ፣ በተለይ ከላያቸው ላይ የሌዘር ማማ ያላቸው፣ የላይኛው ሽፋን ካልተነሳ የጎማው ሽቦ የተሰካበት ቦርድ አይደረስም። እዚያ ውስጥ እንደ ወረቀት የቀጠኑ ገመዶች አሉ። ልምድ ከሌላችሁ ለስልክ ጠጋኝ ስጡት። የስልክ ጠጋኞች እጅ ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ የሠለጠነ ነው፣ ዕቃውን ግን እናንተ ይዛችሁ ሂዱ።

ሲታዘዝ የሚፈጠረው ትልቁ ስህተት የግራና የቀኝ ነገር ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። እንደ ጫማ ናቸው። ግራና ቀኝ የሚባለው ደግሞ ሮቦቱ በጎማው ቆሞ፣ ፊቱን ወደፊት አድርጎ ሲሄድ ነው። እናንተ የምታዩት ግን ገልብጣችሁ ስለሆነ ሊምታታባችሁ ይችላል። እንዳትሳሳቱ ሮቦቱን መልሳችሁ አቁሙ፣ ከኋላው ቁሙ፣ ከዚያ ወስኑ።

ደፉን ማስተካከል

ይህን አማራጭ ብዙ ሰው አያስበውም። ሮቦቱ ሌላ ቦታ ሁሉ በደንብ እየሄደ አንድ ደፍ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ጥፋቱ የደፉ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ሮቦቶች የሚወጡት እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ያም ጎማው አዲስ ሲሆን። የእኛ ቤቶች ደፍ ደግሞ አንዳንዴ ከዚያ ይበልጣል። አናጺ ጋ ሄዳችሁ አንድ ጣውላ በስሱ አጋድሞ እንዲቆርጥላችሁ አድርጉ፣ ደፉ ሥር አስጠጉት። እማዬ ቤት ይህን አድርጌያለሁ፣ ከጎማው ጥገና ይልቅ የጠቀመው እሱ ነው። ለእሷም ተመቻት፣ እግሯ አይደናቀፍም።

ታዲያ የቱን?

መልሱ የምትኖሩበት ቦታ ላይ ይመሠረታል። አሜሪካ ወይም እስራኤል ላላችሁ፣ ዕቃው በጥቂት ቀን ደጃችሁ ይደርሳል፣ የባለሙያ እጅ ግን ውድ ነው። ስለዚህ ራሳችሁ አጥባችሁ፣ ካልሆነ ልባሱን አዝዛችሁ፣ ማርሹም ከተጠረጠረ ሙሉውን አዝዛችሁ በራሳችሁ ካቻቢቴ ቀይሩት። በውስጥ ጎማ መድከም አያስፈልጋችሁም።

አዲስ አበባ ላለን ነገሩ ይገለበጣል። እጅ አለ፣ ጎሚስታ አለ፣ ማስቲሽ አለ። የጠፋው ዕቃው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማጠብ፣ ከዚያ የሞተር ሳይክል ጎማ ቀለበት፣ እሱ እያገለገለ ሰው ሲመጣ ልባስ ማስላክ። ሙሉውን ማስላክ ማርሹ ወይም ሞተሩ መበላሸቱ በእጅ ተዞሮ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ። «ሞተሩ ሄዷል» ስትባሉ፣ የቱ ጎን እንደሆነና እንዴት እንዳወቁ ጠይቁ። ፈትቶ ያላየ ሰው አያውቅም።

አዲስ ሮቦት መግዛት? ለጎማ ብቻ ሲባል አይገባም። ባትሪው ደክሞ ግማሽ ክፍል ሳይጠርግ የሚመለስ ከሆነ፣ የብሩሹ ሞተርም የሚጮህ ከሆነ፣ ዕቃውም የማይገኝለት ሞዴል ከሆነ፣ ያኔ አስቡበት። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ።

ዕቃ እንዲልኩላችሁ ለምትጠይቋቸው እህት ወንድሞቻችሁ የሮቦቱን ስም ብቻ አትጻፉላቸው። ሮቦቱ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ከነሞዴል ቁጥሩ ፎቶ አንሱ። ሁለቱን ጎማዎች ከላይና ከጎን፣ ከተፈታ ደግሞ መሰኪያውን አንሱ። ግራ ይሁን ቀኝ በጽሑፍ ጨምሩ። ባትሪም አብራችሁ የምታስልኩ ከሆነ፣ የሚያመጣው ሰው በእጅ ሻንጣው እንዲይዘው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ጎማው ግን የትም ሻንጣ ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም። ሁለት ወር ጠብቀን ያስመጣነው ሙሉው ዕቃ እስካሁን ካርቶኑ ውስጥ እማዬ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፣ ሮቦቱ የሚሄደው በአሮጌው ሞተርና ከጎሚስታ ባገኘሁት ቀለበት ነው።